ቤት ሙሉ ሰው ሳለ

በቁስቋም አጥቢያ ሰው ሲሞት መልእክተኛ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቄሱ ቤት ነው፤ ከዚያ ወደ ሙሉሐረግ። ሰው ሲዳር ደግሞ ለቄሱ ይነገርና በሙሉሐረግ ደጅ ዝም ተብሎ ይታለፋል። ለክፋት አይደለም። አልቃሽ የረገጠችው ሠርግ ዓመት አይደፍንም ይባላል፤ መጀመሪያ ማን እንዳለው የሚያውቅ ግን የለም። አራስ ልትጠይቅ ብትሄድ እናቲቱ ሕፃኑን ወደ ግድግዳ ታዞረዋለች። መካነ ሰላም ገበያ ላይ የሚያገኟት የአገሯ ሰዎች "ዛሬ ደግሞ ማንን ቀብረሽ መጣሽ?" እያሉ ይቀልዱባታል፤ ቀልደው ሲያበቁ ዞር ብለው ያማትባሉ።

ሙሾ ያስተማራት ሰው የለም። እናቷ የሞተች ጊዜ ገና ልጃገረድ ነበረች። የአገሩ አልቃሾች ከበው እናቷን ወርቅ፣ እመቤት፣ የቤት ምሰሶ ሲሏት ሰማችና፣ ይቺ የሚያለቅሱላት ሴት ማን ናት አለች በልቧ። የእሷ እናት ግራኝ ነበረች። በግራ እጇ ስታማስል፣ በግራ እጇ ስትቆነጥጥ፣ በግራ እጇ ስታጎርስ ነው የምታውቃት። አፏን ከፈተችና ስለዚያች ግራ እጅ ሁለት ስንኝ አወረደች። የለቅሶው ሜዳ ለአፍታ ጸጥ ብሎ እንደ ጎርፍ ነጎደ። ከሟች ጋር ተኮራርፈው የኖሩ ጎረቤቶች ሳይቀሩ ሴትዮዋን ቁልጭ አድርገው አዩዋት። ሙሉሐረግ ከዚያን ቀን ጀምሮ የያዘችው ዕውቀት ይኸው ነው፤ ሙት የሚታየው በአንድ ነገር ነው። ያን አንድ ነገር ያገኘች አልቃሽ አገር ታስለቅሳለች፤ ያላገኘች ራሷን ታደክማለች።

ያን አንድ ነገር ፈልጎ የሚያመጣላት ታናሽ ወንድሟ ላቀው ነበር። አልቃሽ ለቅሶ ቤት ገብታ "ሟቹ እንዴት ያለ ሰው ነበር?" ብላ መጠየቅ አትችልም፤ ነውር ነው፤ ሁሉን እንደምታውቅ ሆና ነው የምትገባው። ስለዚህ ላቀው ቀድሟት ይሄዳል። ከወንዶቹ ጋር ይቀመጣል፣ ንፍሮውን እየቆረጠመ ያዋያል፣ ያደምጣል። ከዚያ ሙሉሐረግ የምትመጣበት መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቃታል። "በሬው ሲሞት ከበሬው ጋር ሦስት ቀን ጦም ያደረ ሰው ነው" ይላታል። ወይም "ልጇን ወታደር የወሰደባት ናት፤ እስክትሞት ድረስ በር ዘግታ አታውቅም" ይላታል። ሌላ አይጨምርም። ሙሉሐረግ ያችን ይዛ ትገባለች። ከሠላሳ ዓመት በላይ እንዲህ ኖሩ፤ እሷ አንደበት፣ እሱ ጆሮ።

ባሏ ከጋብቻቸው ጥቂት ዓመት ቆይቶ ጥሏት ሄዷል። ክፉ ሰው አልነበረም። አንድ ምሽት ከቀብር ስትመለስ ፊቷ ተነጭቶ፣ ደረቷ ከመደቃቱ ብዛት አብጦ አያትና፣ "እንባሽን ከሌላው ሰው ሙት ጋር ጨርሰሽ ነው የምትመጪ፣ ለእኔ የሚተርፍ የለም" አላት። እውነቱን ነበር። ድምፅዋም ቢሆን እየሻከረ ሄዶ፣ ሲያወሯት የተቆጣች ይመስል ነበር።

ይህን ሁሉ ሳይቆጥርባት የኖረ አንድ ሰው ቢኖር ንግሥቴ ናት። ንግሥቴ ዋለ የሚባል ሚስቱ የሞተችበትን ገበሬ ስታገባ፣ የሠርጉ ዕለት ሙሉሐረግን አስጠርታ ከአጠገቧ አስቀመጠቻት። አማቶቿ ሲያጉረመርሙ፣ "ለሞት የምትሆን ሴት ለደስታ ለምን አትሆንም?" አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ሙሉሐረግ ሰው ሳይሞት የምትገባበት ቤት ያ ቤት ብቻ ሆነ። ንግሥቴና ዋለ ልጅ አልወለዱም። ክፉ አፍ የሙሉሐረግን እግር አነሣ፤ ንግሥቴ ግን አንድም ቀን አላነሣችባትም።

ዋለን ጎኑን የያዘው በሽታ ሁለት ክረምት አስተኛው። ንግሥቴ አጠበችው፣ አገላበጠችው፣ መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ በቃሬዛ ሲወስዱት ከኋላ ከኋላ እየሮጠች ሄደች። በላይ የሚባለው የእናቱ ልጅ፣ በውርስ ማሳ ተጣልተው ስለነበር፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ደጁን አልረገጠም። ይህን ሙሉሐረግ በዓይኗ አይታለች።

ዋለ የሞተ ዕለት ግን አልነበረችም። ማሻ ላይ የአክስቷ ልጅ ሞቶ ለቅሶ ሄዳ ነበር። የዋለን መርዶ ሰምታ በአይሱዙ ጀርባ ተጭና፣ ከዚያም በእግሯ ዳገቱን ወጥታ ስትደርስ ሬሳው ከቤት ወጥቶ፣ ሕዝቡ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ እሷ ብቻ ነበረች የምትጠበቀው። ላቀው እንደ ልማዱ መንገድ ዳር ቆሟል።

"አብሽሪ" አላት፤ ፊቷን አይቶ። "የጓደኛሽ ባል መሆኑን አውቃለሁ።"

ምን ይዘህልኛል አለችው። ላቀው በላይ መምጣቱን ነገራት። በመጨረሻዋ ሰዓት ደረሰ፤ ሁለቱ ወንድማማቾች ታረቁ፤ ዋለ ውሃ ሲል በላይ አጠጣው፤ ያችን ጠጥቶ አረፈ።

ሙሉሐረግ እንባዋ መጣ። ማሳ ያጣላቸው ወንድሞች በአንድ ጉንጭ ውሃ ሲታረቁ ታያት። እንደዚህ ያለ ነገር በዕድሜዋ ስንቴ ይመጣል? ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ገባች። ንግሥቴ ከሴቶቹ መካከል ፀጉሯን ተላጭታ ቆማለች። ሙሉሐረግ ልታቅፋት ፈለገች፤ ግን ሕዝቡ መንገድ ከፈተላትና መሐል አቆማት። ለለቅሶ የተሰጠች ሴት መጀመሪያ ታወርዳለች፤ ኋላ ነው የራሷን የምታለቅስ።

እያወረደች ሄደች፣ ሴቶቹም "ወይ ወይ" እያሉ ተቀበሏት። ስለ ሁለቱ ክረምት አለቀሰች። ስለ ቃሬዛው አለቀሰች። ከዚያ ውሃው ጋ ስትደርስ ስንኙ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ተሰክቶ ከአፏ ወጣ፤

ቤት ሙሉ ሰው ሳለ አልበርድ ያለ ጥሙ፣
በአንድ ጉንጭ በረደ ሲያጠጣው ወንድሙ።

ሜዳው ተናወጠ። ሴቶቹ ተቀበሉት፣ ደገሙት፣ ሦስተኛ አስደገሟት። ወንዶቹ ዘንግ ላይ ግንባራቸውን ደፍተው ተንሰቀሰቁ። በላይ መሬት ላይ ወደቀ፣ አነሡት። ሙሉሐረግ በዚያ ሁሉ መሐል ንግሥቴን አየቻት። ንግሥቴ ደረቷን መድቃት ትታለች። እጇ አየር ላይ ቀርቶ ቀጥ ብላ ታያታለች። ሐዘኑ ጸንቶባት ነው ብላ ገመተች።

ከቀብሩ በኋላ ስታቅፋት ንግሥቴ እንደ እንጨት ደርቃ ቆመችላት። ሰልስቱ ዕለትም ሄደች፤ ንግሥቴ ከሌላው እንግዳ እኩል ንፍሮ አቀረበችላትና ወደ ጓዳ ገባች። ይህንንም ሐዘን ነው አለች። ሴት ባሏን ቀብራ ምን ፊት ታሳይ?

ነገሩ የገባት ወፍጮ ቤት ነው። ሰኔ መግቢያ ላይ እህል ልታስፈጭ ተራ ይዛ ቆማ ሳለ አንዲት ወጣት ሴት ከፊቷ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ያን ስንኝ ለራሷ ታንጎራጉራለች። ሙሉሐረግ እንዲህ ሲሆን ሁልጊዜ ትንሽ ደስ ይላታል፤ ለማንም ባትናገረውም። የሴቲቱ ጓደኛ ዝም በይ የሚል ምልክት ሰጠቻት። "ሰማችሽ እኮ" አለች በሹክሹክታ። "ንግሥቴን ከቤት የምታስወጣት እሷው አይደለች።"

ሙሉሐረግ እህሏን እዚያው ትታ ጠየቀች፤ ሴቶቹም እየፈሩ ነገሯት። በላይ የወንድሜን መሬት ይዛብኛለች ብሎ ሽማግሌ ሰብስቧል። ልጅ የሌለው ሰው ሲሞት ማሳው የጧሪ ቀባሪው ነው። ንግሥቴ እኔ ጦርኩት አለች። በላይ ደግሞ፣ ጧሪው ማን እንደሆነ አገር ሁሉ በሙሾ ሰምቶ የለም ወይ አለ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ እየተያዩ ስንኙን አንዴ ደገሙት። ቤት ሙሉ ሰው ሳለ። እንግዲህ ቤቱ ውስጥ የነበረችው ሰው ማን ናት? ጥሙ ያልበረደው በማን እጅ ነው?

"ንግሥቴ ምን አለች?" አለች ሙሉሐረግ።

"ያጠጣሁት እኔ ነኝ፣ በላይ የመጣው ዓይኑ ከተከደነ በኋላ ነው አለች። 'ታዲያ ሲለቀስ ለምን አልተቃወምሽም?' አሏት።"

ሙሾ መሐል ገብቶ የሚቃወም ሰው በዚያ አገር ተፈጥሮ አያውቅም። ይህን ሽማግሌዎቹም ያውቃሉ።

ላቀውን ልትፈልግ ቤቱ ሄደች፤ እርሻ ነው አሏት። የትኛው እርሻ ብትል ሚስቱ ወደ ታች ጠቆመቻት። ሙሉሐረግ ቁልቁል ስትወርድ ወንድሟን አየችው፤ በበላይ በሬዎች የዋለን የታችኛውን ማሳ ያርሳል። ሌላ የምትጠይቀው ነገር አልቀረም ነበር። ሆኖም ሄደች፤ ላቀውም ሲያያት በሬዎቹን አቆመ።

"የእኩል ነው" አላት፤ ሳትጠይቀው። "በላይ ሰጠኝ፤ ምርቱን እንካፈላለን።"

"መቼ?"

ላቀው ጅራፉን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ።

"ውሃውን ማን አጠጣው ላቀው?"

"እኔ አልነበርኩማ።"

"መንገድ ላይ ቆመህ ስትነግረኝ የነበርክ መስለህ ነው የነገርከኝ።"

"በላይ የነገረኝን ነገርኩሽ። የሌላውስ ቢሆን ሰው የነገረኝን አይደል ስነግርሽ የኖርኩ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ዋሽቼሽ አውቃለሁ?"

"እንጃ" አለች። "እስከ ዛሬ ዋሸኸኝ ብዬ አላውቅም ነበር። እንግዲህ አንድ በአንድ ልጠራጠር ነው።"

ያኔ ላቀው ተቆጣ። ከቁጣውም ይልቅ ለብዙ ዓመት የተጠራቀመ ነገር ይመስል ነበር። ከለቅሶ ንፍሮ በቀር ምን አመጣሽ አላት። የልጁን የጸደንያን ነገር አነሣ፤ ሁለቴ ታጭታ ሁለቴ ፈረሰባት፤ የአልቃሿ የወንድም ልጅ ተብላ። በላይ ግን ለሚስቱ ወንድም ልጅ ሊያጫት ቃል ሰጥቷል። ሰው የሚበላውና የሚኮራበት ነገር ሳይኖረው አገር ቢያለቅስለት ምን ይረባዋል? አንቺ ስም አወጣሽ፤ እኔ መንገድ ዳር ቆሜ ሸበትኩ፤ ልጄ ቆማ ልትቀር ነው። ሙሉሐረግ አላቋረጠችውም። ከተናገረው ውስጥ ሐሰት አልነበረበትም፤ ያ ነው የባሰባት።

ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ደግሞ እኔ ውሃ ነው ያልኩሽ" አለ። "በላይ አጠጣው ነው ያልኩሽ። ቤት ሙሉ ሰው ያልሽው አንቺ ነሽ።"

ሙሉሐረግ ዳገቱን ስትወጣ ስንኙን ለራሷ ደገመችው። ቤት ሙሉ ሰው ከየት አመጣችው? ማንም አልነገራትም። ስንኙ መግቢያ ፈለገ፣ እሷም ሰጠችው። ሞልቶ የተትረፈረፈ ቤት ከሌለ ያች አንዲት ጉንጭ አታምርም። ስለ ንግሥቴ ያሰበችበት ቅጽበት እንኳ አልነበረም። ወንድሟ ያወቀው ይህን ነው። ውሃውን ቢሰጣት ሌላውን ራሷ እንደምትሞላው አውቋል፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲያያት ኖሯልና።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ወይራ ሥር ሲሰበሰቡ ሄዳ ከፊታቸው ቆመች። በሴትነቷ ቆማ ተናግራ የምታውቀው ለሙት ብቻ ነው። የሽማግሌዎቹ መሪ አቶ አድማሴ ይባላሉ፤ ቀጠን ያሉ፣ ንግግር የሚመርጡ ሰው ናቸው። ያወረደችው ሙሾ ሐሰት መሆኑን፣ በላይ ዋለ ካረፈ በኋላ መምጣቱን፣ ቤት ሙሉ ሰው የሚለውን ራሷ መጨመሯን ነገረቻቸው። በላይ እዚያው ተቀምጦ መሬት ይጭራል።

"የተፋ ምራቅ አይዋጥም፣ ሙሉሐረግ" አሉ አድማሴ።

"ምራቅ ከሆነ ይጠረጋል፣ አያ አድማሴ።"

አድማሴ ፈገግ አሉ። "ተይ እንጂ። አባቴን የቦረና አንበሳ ብለሽ ነው ያለቀስሽለት። እስከ ዛሬ ልጆቼ ይሉታል። እሱስ?"

"እሱም የእኔው ጭማሪ ነው። አባትዎ ጅብ ሲጮህ በር የሚያስጠረቅሙ ሰው ነበሩ። ደግ ነበሩ። ለማኝ በባዶ እጁ መልሰው አያውቁም። አንበሳ ግን አልነበሩም።"

ከኋላ አንዱ ሳቀና ሳቁን በሳል ሸፈነው። የአድማሴ ፈገግታ ፊታቸው ላይ ቀርቶ ቀዘቀዘ። ሙሉሐረግ የሠራችው ስሕተት ወዲያው ገባት፤ ግን ጀምራዋለች። እነዚያ ወይራ ሥር የተቀመጡ ወንዶች ሁሉ አባት ቀብረዋል፣ እናት ቀብረዋል፤ የሁሉንም ያለቀሰችው እሷ ናት። አሁን እያንዳንዱ የራሱን ሙት እያሰበ ያያታል። የእኔንስ? የእኔም ጭማሪ ነበር?

"አንዱ ከወደቀ ሁሉም ይወድቃል" አሉ አድማሴ በመጨረሻ። "ለአንዲት ሴት ብለን ስንቱን ሙት ከመቃብር እናንሣ? ለቅሶ ቃል ነው። ተለቅሷል፣ አልቋል።"

ንግሥቴ እስከ ተዝካሩ ቤቱ ውስጥ ትቆይና የራሷን ዕቃ ይዛ ትሂድ ተባለ። ሙሉሐረግ ልትነግራት ብትሄድ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ብታንኳኳ ከውስጥ ይሰማ የነበረው የሰው ኮሽታ ተቋረጠ። ተዝካሩ ሲወጣ ንግሥቴ አንድ ሣጥን በአህያ ጭና ወደ መካነ ሰላም ሄደች።

ኅዳር ላይ የአድማሴ እናት እትዬ ሸጋዬ ሞቱ። አድማሴ በማግሥቱ ማለዳ ራሳቸው የሙሉሐረግ ደጅ ላይ ቆሙ። ለይቅርታ አልመጡም፤ በአካባቢው ሌላ አልቃሽ ስለሌለና እናታቸው ያለ ሙሾ መቀበራቸውን ስላልቻሉት ነው። "እናቴን ታውቂያታለሽ" አሉ። "ነጋሪ አያሻሽም።" ሙሉሐረግ እሺ አለቻቸው።

ስትሄድ መንገድ ዳር የሚጠብቃት ሰው አልነበረም። ከሠላሳ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ልማድ ሆኖባት እዚያ ቦታ ላይ ስትደርስ እርምጃዋን ቀነሰች።

እትዬ ሸጋዬን በሚገባ አለቀሰችላቸው። የጎረቤት ልጅ ሲሰርቅ አይተው እንዳላየ የሚያልፉ፣ ኋላ ግን ያንኑ የሰረቀውን ነገር ጨምረው የሚሰጡት ሰው ነበሩ። ያን ይዛ ገባችና ሜዳውን አርገበገበችው። አድማሴ እንደ ልጅ አለቀሱ። ሴቶቹ ተቀበሏት፤ ድምፃቸው ሞልቶ፣ እንደ ድሮው። እሷም ለአፍታ ያለፉትን ወራት ሁሉ ረሳች። እንግዲህ በዚያ አገር አዲስ ሙት ወደ ቀደሙት ሙታን መልእክት ይዞ ይሄዳል፤ አልቃሽ በአዲሱ ሙት ስም የፊተኞቹን ታናግራለች፤ እናቴን ሰላም በያት፣ ለልጄ ንገሪልኝ ይባላል። ይህን ማንም አይከለክላትም። ሙሉሐረግ ለዚህ ነበር እሺ ብላ የመጣችው። ቃሬዛው አጠገብ ተጠግታ አወረደች፤

ሸጋዬ ስትደርሽ ለዋለ ንገሪ፣
በሚስቱ ውሃ ላይ እኔ ነኝ ሐሰት ተናጋሪ።

የኋለኛው ስንኝ እግሩ ረዝሞ ነበር። ወራት ሙሉ ስትጥለውና ስታነሣው ቆይታ ከዚህ የተሻለ አልመጣላትም። አወረደችውና ቆመች፤ ሴቶቹ እስኪቀበሏት።

የተቀበላት የለም።

ደግማ አወረደችው። ነፋስ የድንኳኑን ሸራ ያማታል። ከሴቶቹ አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ሌላዋ እግሯን ታያለች። ወፍጮ ቤት ያገኘቻት ወጣት ሴትም አለች። ሙሉሐረግ አንድ በአንድ ፊታቸውን አየች። ግራ የገባው፣ የደነገጠ፣ "እንዴት ነው ነገሩ?" የሚል አንድ ፊት ብታጣ ጊዜ ገባት። ሁሉም ያውቁ ነበር። ንግሥቴ ቃሬዛውን ተከትላ ስትሮጥ ያዩ ናቸው። በላይ ሁለት ክረምት ደጁን አለመርገጡን ያውቃሉ። ሙሾው የወረደ ዕለትም ሐሰት መሆኑን እያወቁ ነበር ደረታቸውን እየደቁ የተቀበሉት፤ ስለሚያምር ነው የተቀበሉት። በወይራው ሥር ሲነገርም ዝም ያሉት ባለማወቅ አይደለም። ወንድሟ አንድ ቀን ነው የከዳት። እነዚህ ግን ሠላሳ ዓመት ስታለቅስላቸው ኖራ፣ አንዲት ስንኝ ብትለምናቸው ነሷት።

ካህናቱ ፍትሐቱን ጀመሩ። ሙሉሐረግ ነጠላዋን ከወገቧ ፈትታ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከሜዳው ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ለለቅሶ የጠራት የለም። የሟች ዘመዶች አሁን በስልክ የተቀዳ ለቅሶ እያስመጡ በድምፅ ማጉያ ይለቃሉ ተባለ፤ ከተማ ያለች የማትታወቅ ሴት "ወንድሜ፣ ወንድሜ" የምትልበት፤ ለማንም የሚሆን።

ጥር ሲገባ ላቀው ልጁን ጸደንያን ዳረ። የሠርጉ ሳምንት ራሱ መጥቶ ጠራት። ከማሳው ወሬ ወዲህ አልተነጋገሩም ነበር። ደጃፏ ላይ ቆሞ ኮፍያውን አውልቆ፣ "እንግዲህ ለቅሶውን ትተሻል አይደል" አላት። "አሁን የሚፈራሽ የለም። ነይና ከእናቶቹ ጋር ተቀመጪ።" ሊያስደስታት ነበር የፈለገው። ከንግሥቴ ወዲህ ሠርግ የጠራት ሰው እሱ ብቻ ነው።

የዕለቱ ዕለት ጥሩ ቀሚሷን ለበሰች፣ ቅቤ ተቀባች፣ ሄደችም። ከጉብታው ላይ ስትደርስ ከበሮውና ጭብጨባው ከታች ይሰማል። ዘፈኑ የታወቀ ዘፈን ነው፤ አብራ ልታጨበጭብ እጆቿን አነሣች። ቀኝ እጇ ግን ግራውን አልፎ ሄዶ ደረቷን መታ። እንደገና ሞከረች። እጇ ሌላ መንገድ አያውቅም። ጉብታው ላይ ትንሽ ቆየችና ጀርባዋን ለዘፈኑ ሰጥታ የመካነ ሰላምን መንገድ ያዘች።

ንግሥቴ ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይታለች፤ ለምግብ ቤቶች ምስር ትለቅማለች ብለዋታል። ሙሉሐረግ ስትደርስ በሩ ክፍት ነበር። ንግሥቴ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ፀጉሯ መብቀል ጀምሯል። ቀና ብላ አይታት ወደ ምስሯ ተመለሰች።

"ሠርጉ ዛሬ አይደል እንዴ?"

"ዛሬ ነው።"

ውጭ የሚኒባስ ረዳት ሰው ይጠራል። ንግሥቴ ጠጠር እያነሣች ወደ ደጅ ትወረውራለች። ግቢም ውጪም አላለቻትም።

"ኅዳር ላይ ያወረድሽውን ነገሩኝ" አለች ቆይታ። "ባይቀበሉሽም ሰምተውሻል።"

ሙሉሐረግ መጠየቅ እንደሌለባት ታውቃለች። ጠየቀች። "ስንኙ እንዴት ነው?"

ንግሥቴ አሰበችበት። የእውነት አሰበችበት። "የፊተኛው ይሻላል" አለች።

ሙሉሐረግ ራሷን ነቀነቀች። እሷም ከመጀመሪያው ታውቀዋለች።

"እኔም እኮ ያን ቀን ተቀብዬሽ ነበር" አለች ንግሥቴ። ድምፅዋ አልተቀየረም፤ እጇም ከሰፌዱ አልወጣም። "ደረቴን እየደቃሁ፣ 'በአንድ ጉንጭ በረደ' ብዬ ተቀበልኩሽ። ካልኩት በኋላ ነው የገባኝ። ራሴን በራሴ አፍ አስወጣሽኝ።"

ንግሥቴ አንድ ጠጠር አንሥታ በጣቶቿ መካከል ይዛ ቆየች።

"ደግሞ ውሃ የሞላ ቅልም፣ ጉንጭም አልነበረም። ሦስት ቀን ሙሉ መዋጥ አቅቶት ነበር። ጥጥ እያራስኩ ነው ከንፈሩን የምነካለት። ጥጡን በጥርሱ ይይዘዋል፤ አልለቅ ይለኛል። የመጨረሻዋንም እንደያዛት ነው የሞተ። ከአፉ ያወጣኋት እኔ ነኝ።"

ያ ነበር። ሠላሳ ዓመት መንገድ ዳር ስትቀበለው የኖረችው ያ አንድ ነገር፣ ከሁሉም የበለጠው፣ ማንም ያልነገራት፣ ዘግይቶ መጣ። ሙሉሐረግ አፏ ውስጥ ስንኙ በራሱ ሲደረደር ተሰማት፤ ጥጡ ከጥርሱ ጋር ሲገጥም፣ ቤት ሲመታ፣ እግሩ ሳይረዝም ሳያጥር። ከዚያ ከፊተኛው በልጦ የሚያምር ነበር። ይህን ቢሰሙ ይቀበሉት ነበር።

ከንፈሯን ገጠመችና ዋጠችው።

የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ንግሥቴ አላስነሣቻትም። ቆየት ብላ ሙሉሐረግ እጇን ዘርግታ ከሰፌዱ ጠርዝ በኩል መልቀም ጀመረች። ምስሩ ጠጠር የበዛበት ነበር።